በቅጹ ላይ የተሞላው «አዎ»

እነዚህን ደብዳቤዎች ከሱቄ የማስታወሻ ደብተር ጋር በአንድ ክር አስሬ አስቀምጫለሁ። የምልከውን ሁሉ ከመላኬ በፊት እገለብጣለሁ፤ የነጋዴ ልማድ ነው። የምጽፍላት የአክስቴ ልጅ ናት። ባሕር ማዶ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ልጇ እኔ ዘንድ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኔ ክር፣ ዚፕ፣ የልብስ ቁልፍና ያገለገሉ የስፌት መኪናዎች እሸጣለሁ። ስልክ ስናነሳ ስለምንጯጯህ «ከእንግዲህ እንጻጻፍ» ያለችው እሷ ናት። አንድ ደብዳቤ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ሦስት ይፈጃል።

መስከረም 12

ለወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ እንደ ድሮው፣ ሱቅህም ደንበኛ የማይጠፋበት እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ከወገቤ በቀር። እሱንም ካልጠየቅከኝ አላወራልህም።

ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ ሚጢጢ ነው። የካቲት 14 ሠላሳ ዓመት ይሞላታል። ሠላሳ! እኔ በሠላሳ ዓመቴ እሷን ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ እገባ ነበር። እሷ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣች ስድስት ዓመት ሆናት፤ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ «እማዬ፣ ሥራ ያዝኩ» ብላኝ አታውቅም።

እዚህ አንድ ደላላ አለ። ባየኝ ቁጥር «ልጅሽን አምጪያት እንጂ፣ የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ሞልተዋል» ይለኛል። ፎቶዋንና ወረቀቶቿን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ወንድሜ፣ እኔ የማውቀውን ኑሮ ልጄ እንድታውቀው አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ የሰው አንሶላ ስናጥፍ እንውልና ስንወጣ የገዛ ጣቶቻችን አይታጠፉልንም።

እናንተ ከተማ የሥራና ክህሎት ማዕከል ተከፈተ ሲሉ ሰማሁ። ሥራ የሌላቸውን ስምንት ወር የፋብሪካ ስፌት መኪና ጥገና አስተምሮ ፋብሪካ ያስገባል አሉ። ትምህርቱ ሲጀመር ሠላሳ ያልሞላው ብቻ ነው የሚገባው። እባክህ እጇን ይዘህ ውሰዳት። ታውቃታለህ፣ «ተቀመጪ» ካላሏት ቆማ የምትውል ልጅ ናት። ደላላውን እስከ ጥር አቆየዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን «ዛሬ፣ ነገ» እያልኩ ልሸነግለው አልችልም።

ለቤትህ ሰላም፣ ለጉልበትህ ብርታት ይስጥልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 9

ለእህቴ፣

በዚያ ሁሉ እንፋሎት መሃል ፊትሽን የሚያበርድ ነፋስ ፈጣሪ ይላክልሽ። ወገብሽንም ጠይቄሻለሁ፤ አሁን ማውራት ትችያለሽ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ሱቁን ዘግቼ ወሰድኳት። ሱቅ መዝጋት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። በማስታወሻዬ የጻፍኩትን ልገልብጥልሽ፦

«ረቡዕ። ማዕከሉ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ አንድ አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት አውቶቡስ ያዝን። ሊፍቱ ላይ ‹ለጊዜው አይሠራም› የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ቁጥር የሚታደለው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ለአርባ ሰው ብቻ። እኛ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። ዘበኛው ‹ነገ› አለን።

ሐሙስ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰለፍን። ቁጥር ሠላሳ አንድ።»

ሰልፉ ላይ ከፊታችን የነበረችው ሴትዮ ለአራተኛ ጊዜ መምጣቷ ነው። «ባለፈው ‹የእኛ ኮምፒውተር ተበላሽቷል፣ ቅጹን ቤትሽ ሆነሽ በኮምፒውተርሽ ሙዪው› ብለው መለሱኝ» አለች። እኔም ሞኝ ሆኜ «ታዲያ ኮምፒውተር የለሽም?» አልኳት። «እሱን ለመግዛት እኮ ነው ሥራ የምፈልገው!» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ፤ ግን ከተራዋ በፊት አላስገባትም።

«ባለጉዳይዋ ብቻ ትግባ» ስለተባለ ሚጢጢ ደረጃውን ሳትወጣ ወደ ጎን ስቤ መከርኳት። «ስሚኝ፣ ‹ሥራ የለኝም› ብለሽ እንዳትጀምሪ። ባዶ እጇን የመጣችን ሰው ማንም በርካሽ ያያታል። ‹በአጎቴ ሱቅ እሠራለሁ፣ የተሻለ እየፈለግኩ ነው› በይ» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ ቆሜያለሁ። መደርደሪያ ላይ የከረመ ዕቃ አቧራው ተጠርጎ ፊት ለፊት ይቀመጣል እንጂ «ማንም አላየልኝም» ተብሎ አይሸጥም። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እሺ ጋሼ» አለች።

በሃያ ደቂቃ ወጣች። «ምን አሉሽ?» «በስልክ እንጠራሻለን።» በቃ፣ ይኸው ነው። ደላላሽን አሰናብቺው። እኔ የያዝኩት ጉዳይ መሃል መንገድ ላይ አይቀርም።

ድካምሽን የሚያቀልልሽ አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን።

ወንድምሽ

ኅዳር 4

ለወንድም ጋሼ፣

ደህንነትህን የሚያበስር ወረቀት ስለደረሰኝ ደስ ብሎኛል፤ ጤናህን አያጓድልብኝ።

«እንጠራሻለን» ካሏት ወር ሊሞላ ነው። ጠሯት? ስንት ሰው ነው የሚወስዱት? መቼ ነው የሚጀምሩት? አንተ የሰልፉን ቀልድ አስፍረህ ዋናውን ትተኸዋል።

እዚህ እኛ ማጠቢያ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ከዚህ አገር የሥራ ቢሮ አንዲት ሴት ትመጣለች። የሚታጠፍ ጠረጴዛ በብብቷ ይዛ ትገባና ከማድረቂያው አጠገብ ዘርግታ ትቀመጣለች። በምሳ ሰዓታችን ተራ በተራ እየጠራች ምን እንደምንችል፣ ምን መማር እንደምንፈልግ ታናግረናለች። ፎቅ መውጣት የለ፣ ቁጥር የለ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴት በእሷ በኩል ተምራ ዛሬ የማሽኖቹ ኃላፊ ሆናለች። ባለፈው ማክሰኞ እኔን ጠራችኝ። «ምን ትችያለሽ?» አለችኝ። «ምንም አልችልም» አልኳት። «ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው የላክልኝ ፎቶ ላይ የሚጢጢ እጅ እስከ አንጓዋ ጥቁር ዘይት ነው። ሱቅህ ውስጥ ምንድነው የምትሠራው? ደግሞስ ራሷ ለምን አትጽፍልኝም?

ደላላው ትናንትም ደውሎ ነበር። አላሰናበትኩትም።

ሰላምህ ይብዛልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 11

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከብስጭት በቀር ሁሉም ደህና ነው።

ዋናውን ጠይቀሽኝ ነበር፤ ዋናው ይኸው። ከደብዳቤሽ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሚጢጢን ሱቁ ላይ ትቼ ለብቻዬ ነበር የሄድኩት፤ ሁለታችንም ከሄድን ሱቁ ይዘጋል። በማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦

«ኅዳር 22። መስኮት ሁለት ላይ መነጽር ያደረገች ሴት አለች። ስለ ልጄ ጉዳይ ነው ስላት ‹ተመዝግባለች፣ መልስ በስልክ ይመጣል› አለች። ‹መቼ?› ‹ሲመጣ።›

ኅዳር 29። እዚያችው ባለ መነጽሯ ዘንድ ሄድኩ። ሳታየኝ ‹መልስ በስልክ ይመጣል› አለች። ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር።

ታኅሣሥ 6። ባለ መነጽሯ የለችም። በቦታዋ ‹ወደ መስኮት አራት› የሚል ወረቀት አለ። መስኮት አራት ላይ ደግሞ ‹ወደ መስኮት ሁለት› ይላል።»

አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ይህ አይደለም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አለ አይደል? የሚስቱ እህት ከሚጢጢ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ነው የተመዘገበችው። ታኅሣሥ 1 ቀን ጠርተዋት ትምህርት ጀምራለች! የስፌት መኪና ክር እንዴት እንደሚገባ እንኳ አታውቅም። ልብስ ሰፊው በየጠዋቱ እየመጣ «ልጅህን አልጠሯትም እንዴ? ሰው የላትም ማለት ነው» ይለኛል። ሰው የላትም! እኔ ምኗ ነኝ? ዘመድ ለዘመድ እየተጠራራ እንደሚገባ ማንም አልነገረኝም፤ ግን ሌላ ምን ልበል?

ሁለተኛው ዙር የካቲት 20 ይጀመራል አሉ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀቷ ዋናው አንቺ ዘንድ ነው፤ ቶሎ ላኪልኝ፣ ፊታቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ስለ ዘይቱ ለጠየቅሽኝ፦ ሚጢጢ ታግዘኛለች። የቤት ልጅ ናት፤ የቤት ልጅ ደግሞ እጇን አጣጥፋ አትውልም። ዘይቱ የመኪና ነው፣ በሳሙና ይለቃል።

ደግ ወሬ የሚያሰማን ያድርገን።

ወንድምሽ

ጥር 6

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬን ከታች ታገኘዋለህ፤ መጀመሪያ ንዴቴን።

በመጨረሻ ሚጢጢ ጻፈችልኝ። አንድ ገጽ ነው። ከመሃሉ ይህን ቆርጬ ልስጥህ፦ «እማዬ፣ ቅጹ ላይ ‹በአሁኑ ጊዜ ሥራ አለሽ?› የሚል ነበር። ‹አዎ› ብዬ ሞላሁ፤ ጋሼ እንዲህ በይ ብሎኝ ነው። ከሥሩ ‹ይህ ሥልጠና ሥራ ለሌላቸው ብቻ ነው› የሚል ጽሑፍ እንዳለ ያየሁት ከሰጠሁት በኋላ ነው። ለጋሼ አልነገርኩትም። በእነሱ ላይ ሲናደድ እያየሁ እንዴት ልንገረው?»

ጥቅምት ላይ የጻፍክልኝን አውጥቼ አነበብኩት። እውነትም ምክርህ እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ያውም በኩራት። አንተ ጽፈኸዋል፣ እኔ አንብቤዋለሁ፤ ሁለታችንም አላየነውም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ወንድም መልስልኝ። ልጄ በሱቅህ ሠርታለች ወይስ አልሠራችም? ካልሠራች ለምን «እሠራለሁ» አስባልካት? ከሠራች ደግሞ ለእኔ ለምን «ታግዘኛለች» አልከኝ? ከሁለቱ አንዱን ምረጥ።

የትምህርት ወረቀቷን ጠይቀኸኛል። ደላላው ዘንድ ነው። ፎቶዋም እሱ ዘንድ ነው። ጥር ገብቷል፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። በሚያዝያ ትነሳለች ብሎኛል።

ጤና ይስጥህ።

የሚጢጢ እናት

ጥር 29

ለእህቴ፣ ለሚጢጢ እናት፣

ሰላምታዬ በሙሉ ይድረስሽ። የዘገየሁት ፖስታ ቤቱ አዘግይቶኝ አይደለም። ደብዳቤሽ ጥር 18 እጄ ገብቷል።

በማግስቱ ማዕከሉ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ሚጢጢን ይዤ፣ ሱቁን ዘግቼ ነው። ባለ መነጽሯ መዝገቡን ከፈተችና «ይኸው፣ ‹ሥራ አላት› ይላል እኮ» አለች።

«እኔ ነኝ እንዲህ በይ ያልኳት» አልኩ።

«ለምን?»

«በርካሽ እንዳትታይ ብዬ።»

መነጽሯን አወለቀች። «አባቴ፣ እኛ እኮ አንሸጣትም» አለችኝ።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰሙ። ቢሆንም ዝም አላልኩም፤ «እሺ፣ ሞኝ እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ስመላለስ ግን ይህን አንድ ቃል የሚነግረኝ ጠፋ?» አልኳት። «የሌላ ሰው መረጃ ለማንም አንነግርም። እሷ ራሷ ብትመጣ ኖሮ ያኔውኑ እናስተካክለው ነበር» አለች። ሚጢጢ አጠገቤ ቆማ ወለሉን ታያለች። ያልመጣችው እኔ ሱቁ ላይ ስለተውኳት ነው። በስልክ ሊነግሯት ይችሉ ነበር፤ አልነገሯትም። እኔም ልወስዳት እችል ነበር፤ አልወሰድኳትም። ጥፋቱን ለሁለት እንከፍለዋለን ብዬ ነበር፤ ባስበው ባስበው ግን የእኔው ድርሻ ይከብዳል።

የታኅሣሡ ዙር አምልጧል። የየካቲቱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በሞላት በስድስተኛው ቀን ይጀመራል። ስድስት ቀን! «አይቻልም?» አልኳት። «ኮምፒውተሩ አይቀበለውም» አለች፤ እውነት ለመናገር እሷም አዝናለች።

ከዚያ ሁለት መንገድ አሳየችኝ። አንደኛው፣ «እኔ ዘንድ ሠርታ አታውቅም» ብዬ በማኅተሜ እጽፋለሁ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሥራ አጦች ዝርዝር ውስጥ ትገባለች፤ መቼ እንደሚጠሩ ግን ማንም አያውቅም። ሁለተኛው፣ ሠርታ ከሆነ የሥራ ልምድ ማስረጃ እጽፍላታለሁ። ሁለት ዓመት የሞላው ልምድ ያለው ሰው ያለ ዕድሜ ገደብ የብቃት ምዘና ይፈተናል፤ ያለፈውን ፋብሪካዎቹ ይወስዱታል። «ግን ማስረጃውን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም ያየዋል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ሳላስመዘግብ፣ ያለ ውልና ያለ ደመወዝ አሠራሁ ብዬ በራሴ ላይ መፈረሜ ነው።

አውቶቡስ ላይ ሚጢጢ «ጋሼ፣ የትኛውን ትጽፋለህ?» አለችኝ። «አንቺስ የትኛውን ትመርጫለሽ?» አልኳት። «እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ዘጠኝ ቀን ሳልወስን ቆየሁ። አልደብቅሽም፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ጽፌ ጨርሼ ነበር። «ሠርታ አታውቅም» የሚለውን ከማተሜ በፊት የማስታወሻ ደብተሮቼን አወረድኩ። እኔ ሳልጽፍ የማድር ሰው አይደለሁም፤ ያኔ የጻፍኩትን ደግሞ ሰው ያየዋል ብዬ አልጻፍኩትም።

«ጥቅምት 3። የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘሚያዋ መኪና ቆማ ነበር። ሚጢጢ ነካክታ አስነሳቻት።

ኅዳር 20። ከትምህርት ቤቱ ስድስት መኪና ለጥገና መጣ። ሚጢጢ በአራት ቀን ጨረሰች። ርዕሰ መምህሯ ‹ባለሙያህን አመስግንልኝ› አለችኝ። ‹እሺ› አልኩ።

ግንቦት 8። ሚጢጢ አሞኛል ብላ ቀረች። ሦስት ደንበኛ ተመለሰ።»

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ገለጥኩ። በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ አንድ መቶ አሥራ ሁለት መኪና ስሟ ተጽፎበት አገኘሁ። «ተሠራ» ብቻ የሚሉም አሉ። እኔ እንዳልሠራኋቸው ስለማውቅ ማን እንደሠራቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ርዕሰ መምህሯ ያለችውንም ለሚጢጢ አልነገርኳትም ነበር።

የጻፍኩትን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ስሟ ከላይ የተጠቀሰው ባለሙያ ከጥቅምት 3 ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ከሦስት ወር በሱቄ ውስጥ የስፌት መኪና ጥገና ሠርታለች። የሠራቻቸው መኪናዎች ዝርዝር ተያይዟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛ አድርጌ አላስመዘገብኳትም፤ ይህ የእኔ ጥፋት እንጂ የእሷ አይደለም።»

ከላይ ሙሉ ስሟን መጻፍ ነበረብኝ። «ሚጢጢ» ብዬ ጀምሬ አንድ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው፦ ሠርታለች። ፈተናው መጋቢት 18 ነው። የትምህርት ወረቀቷን ከዚያ ሰውዬ አስመልሰሽ ላኪልኝ። ለሚያዝያ ጉዞ እሺ አትበይብኝ።

ይቅርታሽን ሳልጠብቅ ሰላምሽን እመኛለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 21

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህን በምሳ ሰዓት አነበብኩት። ቀጥሎ ጠረጴዛዋን ወደ ዘረጋችው ሴት ሄጄ «ምን ትችያለሽ ብለሽኝ ነበር፤ አንሶላ የሚያጥፈው ማሽን ሲቆም መካኒኩ እስኪመጣ የማስነሳው እኔ ነኝ» አልኳት። ጻፈችው። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ከልጄ ይሆናል፣ ወይም ልጄ ከእኔ ወስዳው ይሆናል።

ደላላው ወረቀቷን አልመልስም ብሎ ሁለት ቀን አመላለሰኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። እንዳይታጠፍ በካርቶን ይዤዋለሁ።

ፎቶዋ ግን እሱ ዘንድ ይቆያል። ማስረጃ ጻፍክ፣ ጥሩ ነው። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር «ምንም አትሠራም» ብዬ በስልክ ስጮህባት ግን አጠገቧ ቆመህ ትሰማ ነበር። ያኔ አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? ልጄም ዝም አለች፣ አንተም ዝም አልክ፣ ጩኸቱ የእኔ ብቻ ሆነ። ስለዚህ አሁን በቃልህ አልሄድም። የፈተናውን ውጤት ሳላይ ለደላላው «አይሆንም» አልለውም።

እስከዚያው ፈጣሪ ይጠብቃችሁ።

እህትህ

ሚያዝያ 8

ለእህቴ፣

ወረቀቱ ሳይታጠፍ ደርሷል፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ የምጽፈውን ስለማታምኚ የውጤቱን ቅጂ ከነማኅተሙ አያይዤልሻለሁ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሺ።

አለፈች!

ሆን ብለው ያበላሿቸውን ሦስት መኪናዎች ነው የሰጧት። ሁለቱን ወዲያው አስነሳች። ሦስተኛዋ ዘንድ ጎንበስ ብላ መንኮራኩሩን በእጇ እያዞረች ጆሮዋን ደቀነች። ፈታኙ «ምን እያዳመጥሽ ነው?» ቢላት «እናንተ ያበላሻችሁትን አግኝቼዋለሁ፤ እናንተ የማታውቁት ሌላ ብልሽት ግን አላት» አለችው። ሰውዬው ፈታቶ አየና እውነቷን ሆነ። ይህን የነገረችኝ ባለ መነጽሯ ናት። ሚጢጢማ «ደህና ነበር» ብቻ ነው ያለችኝ።

ፋብሪካው ወስዷታል። መጋቢት 29 ሥራ ጀመረች። ውል ፈርማለች፣ ስሟ የተጻፈበት መታወቂያ ደረቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ፎቶዋን ከደላላው ተቀበይ።

እኔን በተመለከተ፣ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ተገቢ ነው፤ ያስቀረሁባትንም ደመወዝ መክፈል ጀምሬያለሁ፣ ከእሷ ጠይቂ። ያንቺን የማክሰኞ ጠረጴዛም ለማዕከሉ አሳስቤያለሁ። «በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰውና አንድ ጠረጴዛ ገበያው መሃል ላኩ፣ ቦታውን ከሱቄ ፊት እሰጣለሁ፤ ያቺ ኮምፒውተር የሌላት ሴትዮ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ሦስት ፎቅ መውጣት የለባትም» አልኳቸው። «መልካም ሐሳብ ነው፣ በጽሑፍ ያመልክቱ» አሉኝ። አመለከትኩ። መልሱ በስልክ ይመጣል። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ እስከ ዛሬ አልጮኸም።

ሱቁ ውስጥ አራት መኪና ቆሟል። መካኒክ ፍለጋ ማዕከሉ ሄጄ እንደ ማንም ተሰለፍኩ። ቁጥር ሠላሳ ስምንት። አሠሪም ቅጽ ይሞላል ለካ። ባለ መነጽሯ «በደመወዝ ነው?» አለችኝ። «በደመወዝ።» «ውል አለው?» «አለው።» «ይጻፉት እንግዲህ» አለች፤ ስትስቅ አየኋት ልበል?

ዛሬ እሑድ ነው፤ ግማሽ ቀን እከፍታለሁ። ሚጢጢ ምሳዬን ይዛ መጣች። ከቆሙት አራት መኪናዎች ሦስተኛዋ ፊት ለፊቴ ተፈታትታ ተቀምጣለች፤ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስታገላት ውዬ አልሆነልኝም። ሚጢጢ ቆም ብላ አየቻት። ምኗ እንደሆነ እንዳወቀች ከዓይኗ አወቅኩ። እጇን ልትዘረጋ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ከተተች።

«ጋሼ፣ ዛሬ እረፍቴ ነው» አለችኝ።

ሳህኑን አስቀምጣ፣ ማንም ተቀመጪ ሳይላት ወንበር ስባ ተቀመጠችና እስክበላ ጠበቀችኝ። ከሄደች በኋላ ደብተሬን ከፈትኩ። የዛሬውን ልገልብጥልሽ፣ ለዚህ ደብዳቤም መዝጊያ ይሁነኝ፦

«እሑድ። ሦስተኛዋ መኪና አልተነሳችም። ባለሙያዋ እረፍት ላይ ናት።»

ወንድምሽ